ጭድና ቅጠል፦ የአትክልት ተረፈ ምርት ለወተት ላሞች መኖነት በደቡብ ጎንደር ደጋ

(መግቢያ ዜማ። ለጥቂት ጊዜ ከፍ ብሎ ይሰማና ከአቅራቢው ድምፅ ሥር ዝቅ ይላል።)

አቅራቢ፦ በደብረ ታቦር ከተማና በዙሪያዋ፣ በፋርታና በጉና በጌምድር፣ በጋይንትና በእስቴ፣ እንዲሁም ወደ ጣና ዝቅ ብሎ በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ የምትገኙ የወተት ላም ባለቤቶችና አትክልት አምራቾች፣ የዛሬው ሳምንታዊ ትምህርት ከማሳና ከገበያ ተጥሎ የሚቀረውን የአትክልት ተረፈ ምርት፣ ማለትም ለሰው ምግብነት ያልተፈለገውን ቅጠል፣ ልጣጭና ጥቃቅን ፍሬ፣ ለወተት ላሞች በአማራጭ መኖነት ስለ መጠቀም ይሆናል።

አማራጭ መኖ ሲባል ግጦሽን፣ ድርቆሽንና ጭድን አስወጥቶ በቦታቸው የሚተካ መኖ ማለት አይደለም። ዋናው መኖ በሚያጥርበት ወይም ጉልበቱ በሚያንስበት ወቅት ጉድለቱን የሚሞላ፣ በአቅራቢያ የሚገኝና ባለቤቱን ብዙ ገንዘብ የማያስወጣ መኖ ማለት ነው። ይህ ትርጉም ከወዲሁ ቢያዝ መልካም ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ላይ የሚደርሰው አብዛኛው ጉዳት ተጨማሪ የሆነውን መኖ ዋና አድርጎ ከመስጠት የሚመጣ ነው።

(አጭር ፋታ)

አቅራቢ፦ በደቡብ ጎንደር ደጋ ክረምቱ አልፎ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ከብቱ ለጥቂት ጊዜ በአጨዳ ማሳና በወል ግጦሽ ይቆያል። ከየካቲት ጀምሮ የሰኔ ዝናብ እስኪጥል ድረስ ግን ሣሩ ተግጦና ደርቆ ያልቃል፤ ድርቆሽ ያለውም ቢሆን ክምሩ እየተመናመነ ይሄዳል፤ ለላሚቱ የሚቀርላት የገብስ፣ የስንዴ፣ የጤፍ፣ ወደ ፎገራ ሲወረድም የሩዝ ገለባ ብቻ ይሆናል። በአገር አቀፍ ደረጃም ቢሆን የስታቲስቲክስ ጥናቶች እንደሚያሳዩት የኢትዮጵያ ከብት ከሚመገበው ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግጦሽና አረንጓዴ መኖ፣ ሲሶ ገደማው ደግሞ የሰብል ተረፈ ምርት ነው።

እስቲ አንድ ጥያቄ ይነሣ። ላሚቱ በመጋቢት ወር ጭድ እስክትጠግብ በልታ ወተቷ የሚነጥፈው ለምንድን ነው?

(አጭር ፋታ)

አቅራቢ፦ መልሱ የሚገኘው ከጨጓራዋ ውስጥ ነው። የላም ሆድ አራት ክፍል ያለው ሲሆን፣ ከሁሉም የሚሰፋው ትልቁ ጨጓራ እንደ ጠላ ጋን ሊታሰብ ይችላል፤ በውስጡ ለዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ረቂቅ ተሕዋስያን ይኖራሉ፣ ላሚቱ የዋጠችውንና እያመሰኳች የምታደቀውን ጭድ የሚያብላሉላትም እነርሱ ናቸው። ጥንስስ ያለ ብቅል እንደማይፈላ ሁሉ እነዚህ ተሕዋስያንም ፕሮቲን ካላገኙ አይባዙም፣ ካልበዙም ጭዱ ሳይብላላ ሆድ ውስጥ ይከርማል። ሆድ የሞላው ጭድ ቶሎ ስለማይወርድም ላሚቱ ሌላ የምትጨምርበት ቦታ አይኖራትም። ጠገበች እንጂ አልተመገበችም።

ተሕዋስያኑ ሥራቸውን በወጉ ይሠሩ ዘንድ ከመኖው ደረቅ ቁስ ውስጥ ቢያንስ ከመቶ ሰባት እጅ ያህሉ ፕሮቲን ሊሆን ይገባል። ደረቅ ቁስ ማለት ከመኖው ውሃው ሁሉ ቢወጣለት የሚቀረው ክፍል ነው። የጤፍ ጭድ ከመቶ አምስት እጅ የሚደርስበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ የገብስና የስንዴ ጭድ ከዚያም ያንሳሉ። ስለዚህ የበጋው ችግር በአንድ በኩል የመኖ ማነስ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ያለው መኖ ድሃ መሆን ነው። ይህን ድሃ ጭድ የሚያበለጽጉት የፋብሪካ ውጤቶች፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ፣ በገበያ ቢኖሩም ዋጋቸው ለአነስተኛ አርቢ እየከበደ መጥቷል።

(ዜማ። አምስት ሰከንድ።)

አቅራቢ፦ አሁን የወቅቱን ሌላ ገጽታ መመልከት ያስፈልጋል። ሣሩ በሚደርቅባቸው በእነዚያው ወራት ከጉና ተራራና ከአካባቢው ከፍታዎች የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደራ ሰፊ የመስኖ እርሻ ያጠጣሉ፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ጥቅል ጎመን በብዛት ለገበያ ይደርሳሉ። ደጋው ደግሞ ድንቹን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ካሮቱንና ቀይ ሥሩን ያወጣል። ይህም ማለት በአንድ ዞን ውስጥ፣ በአንድ ወቅት፣ አንዱ ላሙን የሚያበላው አጥቶ ሲጨነቅ ሌላው አረንጓዴ ቅጠል ከማሳው ዳር ከምሮ ያበሰብሳል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ዐቢይ ጾም ይጨመራል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ውስጥ የሚውለው ሁዳዴ በአብዛኛው የደብረ ታቦር ቤት ድንች፣ ጎመን፣ ካሮትና ሽንኩርት የሚላጥበትና የሚከተፍበት ወቅት ነው፤ በየምግብ ቤቱ የበያይነቱ ዝግጅት ከየትኛውም ጊዜ ይበልጥ ይበዛል፤ የሚጣለው ልጣጭና ቅጠልም እንዲሁ። በዚያው ሰሞን የወተት ፈላጊ ስለሚቀንስ ባለላሙ ወተቱን ንጦ ቅቤ ማድረግ ግድ ይለዋል፤ ገቢው በሚቀዘቅዝበት በዚህ ወቅት ርካሽ መኖ ማግኘት ለአርቢው ምን ያህል እፎይታ እንደሚሰጥ ማንም ሊገምተው ይችላል።

ሐሳቡ ለአካባቢው ሰው እንግዳ አይደለም። የጠላና የአረቄ አተላ ለላም ሲሰጥ የኖረ ነው፤ ከጓሮ ጎመን ላይ የሚነቀለው ያረጀ ቅጠልም ለጥጃ ይጣላል። አዲስ የሚሆነው በዘፈቀደ ሲደረግ የቆየውን ነገር በመጠን፣ በቅይጥና በወቅት ማደራጀቱ ነው። በዓለም ደረጃም የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሰነድ ለሰው ምግብነት ከሚመረተው ሁሉ ሲሶ ያህሉ እንደሚባክን አመልክቷል፤ ከፍተኛው ብክነት የሚደርሰውም በፍራፍሬና በአትክልት ላይ ነው። ይኸው ድርጅት በ2013 የአትክልትና የፍራፍሬ ተረፈ ምርትን ለእንስሳት መኖነት ስለ መጠቀም ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትሟል፤ አዘጋጆቹም በህንድ ፑንጃብ የአበባ ጎመን ቅጠልን፣ የአተር ቅርፊትንና የመሳሰሉትን ለላምና ለጎሽ ሲያበሉ የቆዩ ተመራማሪዎች ናቸው።

(አጭር ፋታ)

አቅራቢ፦ እንግዲህ አንድ ጥቅል ጎመን በጉሊት ላይ ሲዘጋጅ ምን እንደሚሆን በቅርብ ይታይ። ነጋዴዋ ጥቅሉን በእጇ ይዛ ውጪያዊዎቹን ሰፋፊ ቅጠሎች አንድ በአንድ ትገነጥላለች፤ አንዱ በጭነት ጊዜ የተቀደደ፣ ሁለተኛው ነፍሳት የበሱት፣ ሦስተኛው ጠርዙ ቢጫ የሆነ ነው። ነጩና ጥብቅ የሆነው እምብርት ለገበያ ይቀርባል፤ አረንጓዴው ቅጠል ከእግሯ ሥር ይወድቃል። የሚወድቀው ግን በፕሮቲኑም ሆነ በማዕድኑ ከሚሸጠው እምብርት የበለጠ ነው፤ በደረቅ ቁሱ ሲሰላ አምስት እጅ ተደርጎ አንዱ እጅ ገደማ ፕሮቲን ሊሆን ይችላል፤ ይህም ከጭዱ አራትና አምስት ጊዜ ይበልጣል።

ታዲያ ቅጠሉን ብቻ መስጠት ለምን አይበቃም?

የማይበቃው ቅጠሉ በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ነው። አሥር ኪሎ ግራም የጎመን ቅጠል ውሃው ቢወጣለት አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ይቀራል። አራት መቶ ኪሎ ግራም የምትመዝን አንዲት የተዳቀለች ላም በቀን ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ኪሎ ግራም ደረቅ ቁስ ያስፈልጋታል፤ ያን ሁሉ ከጎመን ለማግኘት መቶ ኪሎ ቅጠል መብላት ይኖርባታል ማለት ነው፤ ይህን ሆዷም አይችለው፣ ጤናዋም አይፈቅድላት። ብዙ እርጥብ ቅጠል በአንድ ጊዜ የበላች ላም በተቅማጥና በሆድ መንፋት ትታመማለች፤ የምታመሰኳው ሻካራ ነገር ሲያጥራትም የወተቷ ቅባት ይሳሳል።

እዚህ ላይ የዛሬው ትምህርት ዋና ነጥብ ይመጣል። ጭድ ደረቅ ነው፣ ፕሮቲን ያንሰዋል፣ ሳይበላሽ ግን ዓመት ይቀመጣል፤ ቅጠል እርጥብ ነው፣ ፕሮቲን አለው፣ በሁለት ቀን ግን ይበሰብሳል። የአንዱ ጉድለት በሌላው ይሞላል። ቅጠሉ የጨጓራውን ተሕዋስያን ይመግባል፣ ተሕዋስያኑ ደግሞ ጭዱን ያብላላሉ፤ ስለዚህ የቅጠሉ ትልቁ ጥቅም በራሱ ከሚሰጠው ምግብ ይልቅ ተቆልሎ የነበረው ጭድ እንዲበላና እንዲፈጭ ማድረጉ ላይ ነው። ይህ ነጥብ ይደገም፦ ቅጠል ለብቻው አይሰጥም፤ ከጭድ ጋር ይሰጣል።

(ዜማ። አምስት ሰከንድ።)

አቅራቢ፦ ሁሉም አትክልት ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ በተናጠል መመልከት ይገባል።

የጥቅል ጎመንና የሐበሻ ጎመን ቅጠል ከሁሉም በላይ የሚገኝና የሚመከር ነው፤ ይሁን እንጂ የጎመን ዘር ሁሉ በውስጡ የሰልፈር ውህዶች ስላሉት ለሳምንታት በብዛት ሲበላ ቀይ የደም ሕዋሳትን ይጎዳል፣ የእንቅርት ዕጢንም ሥራ ያውካል። በመሆኑም ለአዋቂ የወተት ላም በቀን ከሃያ ኪሎ ግራም ትኩስ ቅጠል አለማለፍ ጥንቃቄ ነው። ከዚህ ጋር አዮዲን ያለው ጨው መስጠት ይጠቅማል፤ አሞሌ ለላም የሚወደድ ቢሆንም አዮዲን የተጨመረበት ባለመሆኑ በዚህ ረገድ አይተካውም።

የካሮት ቅጠልና የተሰባበረ ካሮት ከሁሉም የዋህ መኖ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ካሮቱ የቪታሚን ኤ መነሻ የሆነውን ቢጫ ንጥረ ነገር ስለያዘ፣ በበጋ አረንጓዴ ሣር ላጣች ላም የጎደላትን ይመልሳል፤ ቅቤውም ቢጫ መልክ ይይዛል። የባቄላና የአተር እሸት ቅርፊትም በመስከረምና በጥቅምት ሲገኝ ሳይጣል መሰጠት ያለበት መልካም መኖ ነው። የቀይ ሥርና የቆስጣ ቅጠል ግን ኦክሳሌት የተባለ አሲድ በብዛት ይዟል፤ ይህም በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ስለሚያስር፣ አዲስ ለወለደችና ካልሲየሟ በወተት ለሚወጣባት ላም አደገኛ ነው፤ ከሌላ ቅጠል ጋር ተቀላቅሎ በጥቂቱ ካልሆነ አይሰጥም።

(አጭር ፋታ)

አቅራቢ፦ ድንች ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ የጉናና የጋይንት ደጋ የድንች አገር ነውና። ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በሺምፐር አማካይነት እንደሆነ ይነገራል፤ ዛሬ በደጋው የብዙ ቤተሰብ የክረምት ስንቅ ሆኗል። በአወጣጥ ጊዜ በመቆፈሪያ የተቆረጠው፣ ለገበያ ያነሰውና በጭነት የተላላጠው ድንች ጉልበት ሰጪ የሆነውን ስታርች በብዛት ይዟል፤ ፕሮቲኑ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ድንችና የጎመን ቅጠል ከጭድ ጋር በአንድ ገበታ ሲቀርቡ ጉልበት ሰጪውም፣ ፕሮቲኑም፣ ሻካራውም ይሟላል።

አደጋው ምን ላይ ነው? በመጀመሪያ፣ ሙሉ ድንች ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ላም ሳታላምጥ የምትውጥ እንስሳ በመሆኗ ከእንቁላል ያላነሰ ድንች የምግብ መውረጃዋን ሊዘጋና ሆዷን ነፍቶ በሰዓታት ውስጥ ሊገድላት ይችላል፤ ስለዚህ ድንችም ሆነ ካሮት ምንጊዜም ተከትፎ ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ስታርቹ በአንድ ጊዜ በብዛት ሲገባ ጨጓራው ይኮመጥጣል፤ በቀን ከአንድ ኪሎ ተጀምሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመራል እንጂ፣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ድንች ተገኘ ተብሎ በአንድ ቀን አይደፋም። ለአዋቂ የተዳቀለች ላም በቀን አሥር ኪሎ ግራም ገደማ በቂ ጣሪያ ነው። ሦስተኛ፣ ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነ ወይም ያቆጠቆጠ ድንች ሶላኒን የሚባል መርዝ ስላለው ለሰው እንደማይሆን ሁሉ ለላምም አይሆንም። አረንጓዴው የድንች ግንድና ቅጠልም በዚሁ ምክንያት ይከለከላል፤ በዚያ ላይ የድንች ዋግን ለመከላከል ሪዶሚልና ማንኮዜብ የመሳሰሉ መድኃኒቶች ተደጋግመው የሚረጩት በዚያ ቅጠል ላይ ነው። የቲማቲም ግንድና ቅጠልም በተመሳሳይ መንገድ ይወገዳል፤ የበሰለው ቀይ ቲማቲም ግን በልኩ ይሰጣል።

(አጭር ፋታ)

አቅራቢ፦ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ሽንኩርት ነው። በፎገራ የሽንኩርት ምርት ሲበዛና ዋጋው ሲወድቅ ገበሬው የለፋበትን ምርት ከማሳው ዳር ለመድፋት ይገደዳል፤ ያን ክምር ያየ ባለላምም ለከብቱ ቢያስበው አይፈረድበትም። ነገር ግን ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም በውስጣቸው ያሉት የሰልፈር ውህዶች በጨጓራ ውስጥ ተለውጠው ወደ ደም ሲገቡ ቀይ የደም ሕዋሳትን ይሰብራሉ። ላሚቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትደክማለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ ድዷና የዓይኗ ውስጠኛ ሽፋን ይነጣል፣ ሽንቷ ቀይ ወይም ጥቁር ቡናማ ይሆናል። በግና ፍየል በአንጻራዊነት ሲቋቋሙት የቀንድ ከብት ግን ከሁሉም ቀድሞ ይጎዳል። በዚያም ላይ የሽንኩርት ሽታ በወተቱ ላይ ይወጣል፤ ገዢውም ይመልሰዋል። ስለዚህ ሽንኩርት ለሚታለብ ላም አይሰጥ ቢባል ከብዙ ልኬትና ስሌት የተሻለ ምክር ነው። በስህተት የበላች ላም ብትገኝ መኖውን ወዲያውኑ አቋርጦ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል።

ሽታን በተመለከተ የጎመን ቅጠልም ወተት ላይ ሽታ ይተዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቅጠሉ ከመታለቧ በፊት ሳይሆን ከታለበች በኋላ ይሰጣል። በድጋሚ፦ መጀመሪያ ይታለባል፣ ከዚያ ቅጠል ይሰጣል።

(ዜማ። አምስት ሰከንድ።)

አቅራቢ፦ ከአትክልቱ ዓይነት ሌላ ሦስት ነገሮች ከላሚቱ አፍ ሊርቁ ይገባል። የመጀመሪያው የጸረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት ነው። በመስኖ አትክልት ላይ መድኃኒት በየሳምንቱ አንዳንዴም ከዚያ ባጠረ ጊዜ ይረጫል፤ እያንዳንዱ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ምርቱ እስኪሰበሰብ መቆየት ያለበት የቀናት ብዛት በመያዣው ላይ ተጽፏል፤ ለሰው ያልተፈቀደ ቀን ለላምም ያልተፈቀደ ነው፣ ላሚቱ የበላችው መርዝ በወተቷ በኩል ወደ ሕፃናት ሊተላለፍ ይችላልና። አትክልት አምራቹ መቼና ምን እንደረጨ ሳይጠየቅ ቅጠል ከማሳው ባይወሰድ ይመረጣል።

ሁለተኛው ፌስታል ነው። የገበያ ቆሻሻ ከፌስታል፣ ከሲባጎ፣ ከሽቦና ከምስማር ጋር ተቀላቅሎ ሲጣል፣ በከተማው የምትዘዋወር ላም የጎመኑን ሽታ ተከትላ ሁሉንም ትውጠዋለች። ፌስታሉ አይፈጭም፣ አይወጣም፤ በጨጓራዋ ውስጥ እየተጠቀለለ ዓመት ከዓመት ያድጋል፤ ላሚቱ ትከሳለች፣ ሆዷ ይነፋል፣ በመጨረሻም በቀዶ ሕክምና ካልወጣላት ትሞታለች። ሽቦውም የጨጓራውን ግድግዳ በስቶ እስከ ልብ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጉዳይ ላይ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ፤ በደብረ ታቦርም ሆነ በሌሎች ከተሞች የአትክልት ተረፈ ምርትን መኖ ለማድረግ የሚከለክለው የቅጠል እጥረት ወይም የእውቀት ማነስ ሳይሆን፣ ቅጠሉ በወደቀበት ቅጽበት ከቆሻሻ ጋር መቀላቀሉ ነው። ከገንዳ ተለቅሞ የሚወጣ ቅጠል መኖ አይሆንም። ለአንዲት የጉሊት ነጋዴ አንድ ንጹሕ ማዳበሪያ ተሰጥቷት፣ ቅጠሉን ከመሬት ሳይሆን ከእጇ ወደዚያ ብትጥል፣ ባለላሙም በየማታው ቢሰበስበው፣ ምናልባትም በሳምንት አንድ ቀን ወተት ቢያመጣላት፣ ከብዙ ወጪ ካለበት ፕሮጀክት ይልቅ ይህ ይሠራል። የከተማ አስተዳደሩም በገበያው ማዕዘን ለቅጠል ብቻ የተለየ ቦታ ቢከልል የቆሻሻ ማንሣት ወጪውን ራሱ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ሻጋታ ነው። ቅጠል ተከምሮ ሲሞቅ፣ ጭድም በዝናብ ሲርስ ሻጋታ ያበቅላል፤ አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳና ለካንሰር የሚያጋልጥ መርዝ ያመነጫል፤ ይህም መርዝ በወተት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ለኅትመት የበቃና በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለው የወተት አቅርቦት ላይ የተካሄደ ጥናት በመረመራቸው 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉ ይህን መርዝ አግኝቷል፤ ከመኖዎቹም መካከል በዋናነት የተጠረጠረው የኑግ ፋጉሎ ነበር። እዚህ ላይ የሚጠቀሰው ፋጉሎን ለማውገዝ አይደለም፤ ከገበያ የተገዛ ውድ መኖ እንኳ በአያያዝ ጉድለት መርዝ የሚሆን ከሆነ፣ እርጥብ ቅጠል ምን ያህል ንቃት እንደሚፈልግ ለማመልከት ነው። የሻገተ ነገር ለላም አይሰጥም፤ የሻገተውን አንሥቶ የቀረውን መስጠትም ዋስትና የለውም።

(አጭር ፋታ)

አቅራቢ፦ አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣ። ቅጠሉ በአንድ የገበያ ቀን ብዙ ሆኖ ቢመጣና ላሚቱ በዚያ ቀን ልትጨርሰው ባትችል ምን ይደረጋል?

መልሱ ገፈራ ነው። ገፈራ ማለት እርጥብ መኖ አየር በማይገባበት ቦታ ታምቆ፣ በውስጡ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ስኳሩን ወደ አሲድ ቀይረውት፣ በዚያ ኮምጣጣነት ምክንያት ሳይበሰብስ ለወራት የሚቀመጥበት ዘዴ ነው። በአብዛኛው የሚታወቀው ከበቆሎ አገዳና ከዝሆኔ ሣር ሲዘጋጅ ሲሆን፣ የአትክልት ቅጠል ብቻውን ግን ውሃው ስለሚበዛ ገፈራ አይሆንም፤ ውሃው ከታች ይጠራቀማል፣ ቅጠሉም ይሸታል። ጭዱ እዚህም ያስፈልጋል።

ምን ያህል ጭድ? በክብደት ሦስት እጅ ትኩስ ቅጠል ለአንድ እጅ ጭድ ነው። ሠላሳ ኪሎ የጎመን ቅጠል ከአሥር ኪሎ ጭድ ጋር ሲቀላቀል፣ ከድብልቁ ሲሶ የሚጠጋው ደረቅ ቁስ ይሆናል፤ ለገፈራ የሚፈለገው ልክ ይህ ነው። ይህ ልኬት ይደገም፦ ሦስት እጅ ቅጠል፣ አንድ እጅ ጭድ። ቅጠሉ ጥላ ሥር ግማሽ ቀን ያህል ጠውልጎ ከሆነ ጭዱ ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። ሚዛን በሌለበት ቤት እጅ ራሱ ይለካል፤ ድብልቁ ሲጨመቅ በጣቶች መካከል ውሃ ከወረደ ጭድ ይጨመራል፣ ተጨምቆ ሲለቀቅ ወዲያው ከተበተነ ደርቋል ማለት ነው፣ ቅርጹን እንደያዘ እጅን ካረጠበ ግን ልኩ ነው።

ቅጠሉም ጭዱም በማጭድ ወይም በቢላ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይከተፋሉ፤ በንጹሕ ሸራ ላይ በደንብ ይቀላቀላሉ። በመቶ ኪሎ ድብልቅ ላይ አምስት ኪሎ ያህል ፉርሽካ ቢነሰነስ፣ ወይም ሞላሰስ በሚገኝበት ጊዜ ሁለትና ሦስት ኪሎ በውሃ ተበርዞ ቢረጭ፣ ተሕዋስያኑ ፈጥነው አሲዱን ያወጣሉ። አንድና ሁለት ላም ላለው ቤተሰብ ጉድጓድ ከመቆፈር ይልቅ ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት በማዳበሪያ ውስጥ አድርጎ መጠቀም ይሻላል፤ ምክንያቱም ትልቅ ጉድጓድ በተከፈተ ቁጥር አየር ሲገባው የቀረው ይበላሻል፣ ትንሽ ከረጢት ግን ተከፍቶ በጥቂት ቀን ያልቃል። ድብልቁ በከረጢቱ ውስጥ በስሱ በስሱ እየተጨመረ በቡጢ ወይም በእግር ይጠቀጠቃል፤ አየር እንዳይቀር በደንብ ተጠቅጥቆ አፉ በሲባጎ ይታሰራል፤ በላዩ ድንጋይ ተጭኖበት አይጥ በማይደርስበት ጥላ ቦታ ይቀመጣል። የደብረ ታቦር አየር ቀዝቃዛ በመሆኑ መፍላቱ ዘገም ይላል፤ ስለዚህ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ባይከፈት ይመረጣል።

ለየትኛዋ ላም ይቅደም የሚለውም መታሰብ አለበት። ወተቷ አነስተኛ ቢሆንም ረግረጋማውን ሜዳና ድሃውን መኖ ችላ የኖረችው የፎገራ ላም፣ አንዳሳ የሚገኘው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዝርያዋን ለመጠበቅና ለማሻሻል የሚደክምላት፣ በጭድና በጥቂት ቅጠል ልትቆም ትችላለች። በደም ከሆልስታይን ጋር የተዳቀለችው የከተማዋ ላም ግን ወተቷ ብዙ ስለሆነ ፍላጎቷም ብዙ ነው፤ ቅጠሉ ፉርሽካዋንና ፋጉሎዋን ይቀንስላታል እንጂ ፈጽሞ አያስቀርላትም። ከሦስት ወር ያነሰ ዕድሜ ያላቸው ጥጆች ጨጓራቸው ገና ስላልተደራጀ ይህ መኖ አይመለከታቸውም።

(አጭር ፋታ)

አቅራቢ፦ ከረጢቱ ሲፈታ በመጀመሪያ አፍንጫ ይፍረድ። ደህና የሆነ ገፈራ ደስ የሚል ኮምጣጣ ሽታ አለው፣ መልኩ ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ ነው፣ ሲነካ አይዝለገለግም። የጠቆረ፣ የሚዝለገለግ፣ የበሰበሰ ሽታ ያለው ወይም ነጭና አረንጓዴ ሻጋታ የያዘ ከሆነ ሙሉ ከረጢቱ ወደ ማዳበሪያ ጉድጓድ ይሄዳል። ደህና የሆነው ግን ለላሚቱ በመጀመሪያው ቀን ሁለት እፍኝ ብቻ ከጭዷ ላይ ይነሰነስላታል፤ ሽታው አዲስ ስለሆነባት በመጀመሪያ ልትሸሸው ትችላለች፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ግን ጭዱን ትታ እርሱን መፈለግ ትጀምራለች። ከዚያ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመርላታል፤ በእያንዳንዱ ጊዜም ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ተዝቆ የከረጢቱ አፍ ወዲያውኑ ተጠቅጥቆ ይታሰራል።

(መዝጊያ ዜማ። ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ በቀስ ይጠፋል።)